ቀለበትና ቀፎ

የባለቤቴ የጋብቻ ቀለበት ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ነው። ይህን የምለው ለቅኔ አይደለም፤ እውነትም እዚያ ነው። የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ አሞራ ገደል የተጠበሰ ቆሮሶ በልተን፣ እሷ ዘይቱን ከእጇ ልታስለቅቅ ወደ ውሃው ጎንበስ ስትል፣ ቀለበቷ ከጣቷ ሸርተት ብሎ ገባ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ሱሪውን ሰብስቦ ለግማሽ ሰዓት ያህል ጭቃውን በእግሩ ዳበሰልን። ያገኘው አንድ እግር ነጠላ ጫማና አንድ የሞባይል ቀፎ ነው። አባ ኮዳዎቹ መላጣቸውን እያዘነበሉ፣ እንደ ዕድር ዳኛ ተደርድረው ታዘቡን።

"ዓሣ ውጦት ይሆናል" አለ ሰውየው ከውሃው ሲወጣ። ሊያጽናናን ነበር። ባለቤቴ ግን ቃሉን እንደ ምስክር ቃል መዘገበችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ዓሣ ስትገዛ ሻጮቹ "ሆዱን እናውጣልሽ?" ሲሏት "ተዉት" ትላለች። እቤት አምጥታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ራሷ ትከፍተዋለች። ማንም እንዲነካባት አትፈቅድም። እስካሁን ከቆሮሶውም ከአምባዛውም ሆድ የወጣ ወርቅ የለም።

እኔም በሚቀጥለው እቁብ ሌላ ላሠራልሽ ብዬ ቃል ገባሁ። ከልቤ ነበር። ጥፋቱ፣ እኔ ሌላም ቀለበት የማውቅ ሰው መሆኔ ነው።

ያን ሌላውን ቀለበት ያየሁት ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ነው። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ለልጄ ያመጣላት ትንሽ ቴሌስኮፕ ነበረች። የፊት ሌንሷ ወርድ 70 ሚሊ ሜትር፣ የቡና ሲኒ አፍ ብታክል ነው። ካርቶኗ ላይ ግን በደማቅ ቀይ "525 ጊዜ ታጎላለች" የሚል ተጽፎባታል። እንግዳ በበዛ ቁጥር ወጡ ላይ ውሃ መጨመር ይቻላል፤ ድስቱም ይሞላል፤ ወጡ ግን ወጥ መሆኑ ይቀራል። የቴሌስኮፕም ነገር እንደዚያ ነው። የሰበሰበችው ብርሃን ያው ስለሆነ ምስሉን በለጠጡት ቁጥር እየቀጠነ ይሄዳል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ለአንድ ሚሊ ሜትር ወርድ ሁለት ጊዜ ማጉላት ይበቃል ይላሉ፤ ስለዚህ የኛዋ ብትንጠራራ 140 ነበር አቅሟ። በዚያ ላይ ሦስቱ እግሮቿ ዛሬ እንደተወለደ ጥጃ ይብረከረካሉ። ከሐይቁ ሽው ያለ እንደሆነ ጨረቃ እስክስታ ትወርዳለች።

እንዲያም ሆኖ አንድ ምሽት፣ ፀሐይ ሐይቁ ማዶ ገብታ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ከውሃው በላይ ያለችውን ቢጫ ኮከብ ስደግንባት፣ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ ወርቃማ ነገር ብቅ አለች። ዙሪያዋን ቀለበት ነበራት። ሳተርን! በዚያ ዓመት ቀለበቱ ወደኛ 27 ዲግሪ ያህል አጋድሎ፣ ከዚያ በላይ ሊከፈት እስከማይችል ተከፍቶ ነበር። ይህን ያኔ አላወቅሁም። ሁልጊዜም እንደዚያ የምትታይ መስሎኝ ነበር።

ባለቤቴ አየች። ቀና አለች። ወደ ቴሌስኮፑ ፊት ዞራ ሄዳ ሌንሱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ተመልሳ አየች። "ሥዕል ለጥፈህበት ነው" አለች።

ያቺን የጤፍ ፍሬ ያየ ሰው አርፎ አይተኛም። ቴሌስኮፕ የያዘ ሁሉ ውሎ አድሮ የሚለከፍበት በሽታ አለ። የወርድ ረሃብ ልበለው። ሰባ ሚሊ ሜትር ያለው መቶ ሠላሳ ይመኛል፤ መቶ ሠላሳ ያለው ሁለት መቶ። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ወርዳቸው አንዳንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች መኖራቸውን ካወቅሁ ወዲህማ አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር ሽቅብ ወደ ተራራው አያለሁ፤ ሰው የሀብታም ጎረቤቱን ቪላ እንደሚያይ። ሳይንቲስቶቹም ቢሆኑ ከዚህ ረሃብ አላመለጡም። አውሮፓውያኑ መጀመሪያ የመቶ ሜትር መስተዋት አሰቡ። ወጪው ሲሰላ ወደ 42 ወረዱ። አሁን ቺሊ ውስጥ እየሠሩት ያለው 39 ሜትር ነው። በየቤቱ ገንዘብ ያዥ አለ ማለት ነው።

ከሁሉም የምወደው ግን የዊልያም ሄርሼልን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1781 ዩራነስን ያገኘው ሰው የሙዚቃ መምህር ነበር። መስተዋቶቹን በገዛ እጁ ነበር የሚፍቀው፤ አንዳንዱ መስተዋት እጅ ሳይነሳበት አሥራ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ታዲያ እህቱ ካሮላይን፣ ወንድሟ በረሃብ እንዳይወድቅባት፣ አጠገቡ ቆማ ምግብ እየቆረሰች አፉ ውስጥ ትከትለት ነበር። ጉርሻ! እንግሊዝ አገር፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ለሳይንስ ሲባል! ይህን ለባለቤቴ በታላቅ ስሜት ተረኩላት።

"እህትህን ጥራት" አለችኝ።

ጠራኋት። ያውም አሜሪካ ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐምሌ 2017 ዓ.ም. እቁቡ ወጣልኝ፤ 80 ሺህ ብር። ባለቤቴ በዚያን ዕለት ማታ ምንም አላለችም። ቡና አፍልታ ስትሰጠኝ ግን ሲኒውን በግራ እጇ፣ ያውም ባዶዋን ጣት አስቀድማ አቀረበችልኝ። እኔ ደግሞ ንግግሬን ካዘጋጀሁ ሳምንት አልፎኝ ነበር።

"አየሽ፣ ብርሃን የሚሰበሰበው እንደ እንጀራ ነው" አልኳት። "ወርዱ እጥፍ የሆነ ምጣድ እጥፍ እንጀራ አይደለም የሚያወጣልሽ፤ አራት እጥፍ ነው። ከሰባ ወደ ሁለት መቶ ሚሊ ሜትር ብንሄድ ስምንት እጥፍ ብርሃን አገኘን ማለት ነው።"

"ስምንት እጥፍ እንጀራ ለማን ነው?"

"ቀለበት አሳይሻለሁ። ዳር እስከ ዳር 270 ሺህ ኪሎ ሜትር!"

"ስንት ካራት ነው?"

"በረዶ ነው" አልኳት፤ ሐሰት መናገር አልወድም።

"ሐዋሳ ሙቀት ነው" አለችና ጀበናዋን አንስታ ገባች። እንቢ አላለችም። በትዳር ሕግ ይህ እንደ ይሁንታ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ፤ እኔም ቆጠርኩት።

ሙሉውን ቴሌስኮፕ ማስመጣት የማይታሰብ ነው። ባለ ስምንት ኢንች ማለት ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ቱቦ ነው፤ ማን በሻንጣ ይዞት ይመጣል? መስተዋቱ ግን ይመጣል። ለዚህ ደግሞ የማመሰግነው አንድ መነኩሴ አለ። ጆን ዶብሰን ይባላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በሂንዱ ገዳም ሃያ ሦስት ዓመት ኖሯል። ሌሊት ሌሊት እየሾለከ፣ የመርከብ መስኮት መስተዋት እየፋቀ፣ በካርቶን ቱቦና በጣውላ ቴሌስኮፕ እየሠራ ጋሪ ላይ ጭኖ ለሰፈር ልጆች ጨረቃን ያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ከገዳሙ አስወጡት። እሱም በየመንገዱ ዳር እየቆመ አላፊ አግዳሚውን "ኑ፣ ሳተርንን እዩ" ማለቱን ቀጠለ። እስከ 98 ዓመቱ ኖሮ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ያወረሰን ነገር ቀላል ነው፤ ውድ ብረታ ብረትና ሞተር ትተህ ቱቦውን እንደ መድፍ በእንጨት ሳጥን ላይ አስቀምጠው፣ በእጅህ ግፋው። አናጢ ያለበት አገር ሁሉ ትልቅ ቴሌስኮፕ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው።

እህቴ ለአዲስ ዓመት ልትመጣ ስለነበር መስተዋቱን፣ ሁለተኛውን ትንሽ መስተዋትና ሁለት የዓይን ሌንሶች ገዝታ በሕፃን ልብስ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተች። በረራዋ በሁለት ሳምንት ተገፋ። በዚያ መሐል ጳጉሜን 2 ቀን ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ተጋረደች። ከምሽቱ 2፡30 ጀምሮ ከአንድ ሰዓት ከሩብ በላይ እንደ በሰለ ቲማቲም ቀልታ ቆየች። ደመናው ገለጥ ባለ ቁጥር ሰፈሩ በሙሉ፣ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ሞተሩን አጥፍቶ፣ በባዶ ዓይኑ አየ። ልጄ ቀና ብላ "አባዬ፣ ይታያል እኮ። ትልቁ ለምንድን ነው?" አለችኝ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስትጠይቅ መልሱ "ነገ ትምህርት የለም እንዴ?" ነው። አልነበረም፤ ክረምት ነው።

መስተዋቱ በመስከረም አጋማሽ ደረሰ። ኤርፖርት ላይ ሻንጣውን የከፈተው ፈታሽ ከሕፃን ልብስ ውስጥ ሲያወጣው መስተዋቱ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነውና አፍንጫው ድንች አክሎ ታየው። ጺሙን ዳሰሰ። ወዲያ ወዲህ ብሎ አንገቱን አየ። "ለጢም መላጫ ጥሩ ነው" ብሎ አሳለፋት። ሳይንስ በየበሩ የራሱን መግቢያ ያገኛል።

ከአናጢው ጋር የነበረኝ ቆይታ ግን ከዚህ ይከብዳል። ወረቀት ላይ የሳልኩትን ቱቦ ዘቅዝቆም አቅንቶም አየው። "ቁመቱ መቶ ሃያ፣ ወርዱ ሃያ አምስት" ሲል አነበበ። ፊቱ በራ።

"ቀፎ ነው!"

"አይደለም።"

"ቀፎ ነው እንጂ። አባቴ ስንት ሰቅሏል። ይኼ አንደኛው ጫፍ ክፍት የሆነው ለምንድን ነው?"

"ብርሃን እንዲገባበት።"

"ንብ ብርሃን አትወድም። ታች ደግሞ ምን አልክ?"

"መስተዋት።"

እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። መስተዋት የተገጠመለት ቀፎ! ንቧ ራሷን እያየች ብዙ ንብ ያለ መስሏት ተሽቀዳድማ ማር ልትሠራ። አሰበው። አሳምኖታል። "ስንት እጥፍ ይሰጣል?" ሲለኝ "ስምንት እጥፍ" አልኩት። በቁጥሩ አልዋሸሁም፤ እሱም ዋጋ አልተከራከረኝም።

ቱቦውን ላሜራ ቤት አስጠቀለልኩ፤ ውስጡን በጥቁር ቀለም ቀባሁ። ሳጥኑ እንዲሽከረከር ዶብሰን ፕላስቲክ ቢጤ ማንሸራተቻ ያደርግበት ነበር። እኛ ከቢጫ የዘይት ጄሪካን ቆረጥን፤ ከላይ የወጥ ቤት ፎርማይካ ለጠፍን። ይገርማል፣ በአንድ ጣት ሲገፉት ይሄዳል፤ ሲለቁት ይቆማል። አናጢው ራሱ አምስት ጊዜ አዞረው። ስናስወጣው ግን አንድ ነገር ገባኝ። ትንሿን በብብቴ ሸጉጬ ነበር የምወጣው፤ ይህኛው ሃያ አምስት ኪሎ ገደማ ነው፤ አንድ ሰው ቱቦውን፣ አንድ ሰው ሳጥኑን፣ አንድ ሰው በሩን፣ አንድ ሰው ውሻውን መያዝ አለበት። ከእቁቡ የተረፈው ገንዘብም አናጢውና ላሜራ ቤቱ ጋ አለቀ። ለቀለበት ቀርቷል ብዬ የነገርኳት ገንዘብ ማለቴ ነው።

ሰፈራችን ሐይቅ ዳር ነው። ስሙ ደስ ይላል፤ ለመስተዋት ግን ጠላት ነው። ማታ ማታ እርጥበቱ እየወጣ ሌንሱን ያላብሰዋል፤ ቢምቢው የዓይን ሌንሱን የራሱ አድርጎ ይመጣል። መስተዋቱ ደግሞ ከቤት ሙቀት ወጥቶ የውጭውን ብርድ እስኪለምድ፣ ልክ እንደ ቡና፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል መስከን አለበት። ያን ሳትጠብቅ ያየህ እንደሆነ ኮከቡ በፈላ ውሃ ውስጥ እንዳለ ነገር ይርገበገባል። የመጀመሪያውን ሙከራ በቀን አደረግሁ፤ ወደ ታቦር ተራራ ደገንኩ። የእንዲህ ያለ ቴሌስኮፕ ምስል ተገልብጦ ነው የሚታየው። ተራራው ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣ ከታች በሰማዩ ላይ አባ ኮዳዎች በጀርባቸው ሲዋኙ አየሁ። ልጄ አይታ "ይኼኛው ተበላሽቷል" አለች።

ከዚያ ዝናብ። አዲስ ቴሌስኮፕ የገዛ ሁሉ ደመና ይከተለዋል ይባላል። መስከረም ደመና፣ ጥቅምት ደመና። ቀፎው በሳሎን ጥግ በአሮጌ አንሶላ ተሸፍኖ ቆመ። እንግዳ ይመጣል፣ ያየዋል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ማን ነው?" ይላል።

ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ የሰው ብርሃን መጣ። የጓሮ ጎረቤቴ ሌባ ለመከላከል የሰቀሉት መብራት አለ፤ ለኳስ ሜዳ የሚበቃ። አንድ ምሽት ማንኳኳት ግድ ሆነብኝ። "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ቢያጠፉልኝ?" ረጅም ጊዜ አዩኝ። መብራት ይበራልኝ ብሎ የሚለምን እንጂ ይጥፋልኝ የሚል ሰው በዕድሜያቸው አላዩም። ቢሆንም አጠፉልኝ፤ ዱላቸውን ይዘው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ እንጂ። ሌባ ከመጣ እኔ መሆኔን ለማረጋገጥ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲሄድ፣ መላው ሰፈር "ኤጭ!" ሲል፣ ከኛ ግቢ ብቻ አንድ ሰው በደስታ ሲያጨበጭብ ይሰማል። ይህ ባሕርይ ለጉርብትና ጥሩ አይደለም። የሰፈሩ ዘብም አንድ ሌሊት በአጥሩ ላይ ባትሪውን አብርቶ ሽቅብ የተደገነውን ቱቦ ሲያይ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። "ቀፎ ነው" አለለት ጎረቤቴ ከጨለማው ውስጥ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ይህ መልስ በቂ ሆነ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሕዳር ደረሰ። ሕዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሁድ ነበር፤ የነቢያት ጾም ቅበላ። ጨረቃዋ ገና ጭረት ናት፤ ቶሎ ትገባለች። ሰማዩ ንጹሕ፣ ሳተርን አናት ላይ ልትደርስ ምንም አልቀራትም። ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል? ጎረቤቶችን ጠራሁ። አናጢውን ጠራሁ፤ የማሩን ነገር ሊከታተል ሚስቱን ይዞ መጣ። የተጠበሰ ሥጋ አለ፣ ቡና አለ፣ ለሕፃናት በርጩማ አለ። ባለቤቴ ቀሚስ ቀይራ ወጣች። ለስምንት ዓመት የተመኘኋትን ሳተርን ከጤፍ ወደ ሽምብራ አሳድጌ የማሳይበት ምሽት ነው። አጠር ያለ ንግግርም አደረግሁ። ቀለበቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ሲያየው ጆሮ ያወጣች ፕላኔት እንደመሰለችው፣ ሃይገንስ የሚባል ሆላንዳዊ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነገሩን እንደፈታው። ከዚያ የዓይን ሌንሱን አስገባሁ፤ 120 ጊዜ። ጎንበስ አልኩ።

ቀለበት የለም።

ዓይኔን አሸሁ። ሌንሱን ጠረግሁ። ወደ ቴሌስኮፑ ፊት ሄጄ መስተዋቱን አየሁ፤ ለካ ያኔ ባለቤቴ ልክ ነበረች፣ ሰው ግራ ሲገባው ወደዚያ ነው የሚሄደው። ተመልሼ አየሁ። ክብ፣ ንጹሕ፣ ወርቃማ ኳስ፤ በወገቧ ላይ ከፀጉር የቀጠነች ጭረት።

"ታየ?" አለ ሕዝቡ።

ፕላኔቷ ደግሞ አትጠብቅም። በዚህ ጉልበት ስታያት መሬት ስለምትዞር ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከዓይንህ ታመልጣለች፤ ገፋ እያደረግህ መከተል አለብህ። ስለዚህ ሰዉን በፍጥነት አሰለፍኩ። የመጀመሪያዋ ጎረቤት አይታ "በስንጥር የተወጋ ሎሚ" አለች። ቀጥሎ ያለው "ብርቱካን ነው" ብሎ አረመ። አናጢው ብዙ ቆይቶ ቀና አለና "ንቧ አንድ ናት" አለ፤ አጠገቧ ታይታን የምትባለውን ጨረቃዋን አይቶ መሆን አለበት። ባለቤቴ ተራዋ ደረሰ። አየች። ቀና ብላ ባዶ ጣቷን አየች። ወደ ቤት ገባች።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ነገሩን ያወቅሁት ኋላ ሳነብ ነው። የሳተርን ቀለበት ዳር እስከ ዳር ያን ያህል ሰፊ ይሁን እንጂ ውፍረቱ በአብዛኛው ቦታ አሥር ሜትር ቢሆን ነው፤ ከሐዋሳ ፎቅ ቤቶች ያንሳል። ሳተርን ፀሐይን በ29 ዓመት ተኩል አንዴ ስትዞር ቀለበቱ ሁለት ጊዜ፣ በየ15 ዓመቱ ገደማ፣ በጎኑ ይገጥመናል። እንጀራን ከላይ ስታየው ሙሉ ሰማይ ነው፤ ከዳር ስታየው ክር ነው። መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ላይ ቀለበቱ በትክክል በጎኑ ዞረን። ከዚያ ጥቂት ተከፈተና ተመልሶ እየጠበበ ሄደ። ሕዳር አጋማሽ ላይ ማጋደሉ ከግማሽ ዲግሪ በታች ወረደ፤ እንደገና እስኪሰፋ ድረስ በጣም የጠበበበት ሰሞን ያ ነበር። ማለትም ሰው ከጠራሁበት ምሽት የባሰ ምሽት ለማግኘት ብፈልግ እንኳ አልችልም ነበር። የመስተዋቱን ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር አስልቻለሁ፤ የላሜራውን ክብደት አስልቻለሁ፤ ፕላኔቷ የት ላይ እንዳለች ግን መጠየቅ አልመጣልኝም። በትንሿ ያየሁትን በትልቁ አጣሁት።

ጋሊሊዮም እንደኔ ደንግጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1612 ያቺን ጆሮ ያላትን ፕላኔት ተመልሶ ሲያያት ጆሮዎቿ የሉም፤ ግራ ገብቶት ጻፈ። እኔን ያጽናናኝ እሱ ነው። እሱ ግን ቅበላ ደግሶ አልነበረም።

የጓሮ ጎረቤቴ በነጋታው መጡ። ሲዳማ ናቸው፤ ፊቼ ጨምበላላ በደረሰ ቁጥር ወደ ክብረ በዓሉ ቦታ፣ ወደ ጉዱማሌ ከሚሄዱት ሽማግሌዎች አንዱ። የበዓሉ ቀን እንዴት እንደሚቆረጥ አጫወቱኝ። አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ሌሊት ሌሊት ከዋክብቱንና ጨረቃን በባዶ ዓይን ይከታተላሉ። አካሄዱ ሲገጥምላቸው ለሽማግሌዎች ያስታውቃሉ፤ ከዚያ ነው አዲሱ ዓመት የሚታወጀው። በዓሉ በሕዳር 2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሲሰፍርም ይኸው ሥርዓት ተጠቅሶለታል። ይህን ሁሉ ከነገሩኝ በኋላ ዱላቸውን መሬት ላይ አሳርፈው፣ ምንም ሳይስቁ፣ "ልጄ፣ እኛ መጀመሪያ ሰማዩን እናያለን፣ ከዚያ ድግሱን እንቆርጣለን" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ቀፎው ለጥቂት ጊዜ አንሶላውን ለበሰ። በየምሽቱ አራት ሰው ከየት ይመጣል? ትንሿን ግን ልጄ ከአልጋ ሥር አውጥታ አራገፈቻት። እግሮቿን በጎማ አስራ፣ በአንድ ጀሪካን ውሃ አክብዳ አቆመቻት፤ በስምንት ዓመት ውስጥ ለኔ ያልታየኝ መላ ነው። በየምሽቱ ብቻዋን ይዛት ትወጣለች። ሄርሼልም ያን ወርዱ 1.2 ሜትር የሆነውን ግዙፍ መሣሪያውን ከሠራ በኋላ አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው በትንሹ ነበር፤ ትልቁ ለማዘጋጀት ብቻ ብዙ ሰው ይፈልጋል። ይህን ለባለቤቴ አልተረክሁላትም።

ስሜን ያደሰችልኝ ጁፒተር ናት። በታኅሣሥ ማታ ማታ ከምሥራቅ ደምቃ መውጣት ጀመረች። ዘቡ ነው መጀመሪያ ያያት፤ ሁለቱን መቀነቶቿንና አራቱን ጨረቃዎቿን በአንድ መስመር ሲያይ "እንደ ባጃጅ ተራ ተሰልፈዋል" አለ። ከዚያ ወዲህ ተረኛ በሆነበት ሌሊት ሁሉ ሳጥኑን የሚሸከምልኝ እሱ ነው። ከጨረቃዎቹ አንዷ ቦታ የቀየረች እንደሆነ ጠዋት ለባለ ሱቁ ያወራለታል፤ ባለ ሱቁ ለሰፈሩ። እትዬ ቡና አጣጪያችን ግን አንድ ቀን ብቻ መጥተው፣ ወደ ቱቦው ሳይሆን ወደኔ ጠጋ ብለው "ኮከቤ ሚዛን ነው፤ ገንዘቤ የሚመለስልኝ መቼ እንደሆነ እይልኝ" ብለውኛል። ሚዛን በዚያ ሰሞን ማታ እንደማይታይ ነገርኳቸው። "አዎ፣ ተደብቋል ብለውኛል" አሉ።

ጥር ላይ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ምሽት ባለቤቴ ዓሣ ገዝታ ስትመለስ ሳተርን ከሐይቁ በላይ ነበረች፤ ልክ ያኔ በ2010 ያየኋት አካባቢ። ልጄ ቀድማኝ ትልቁን ደግናበታለች፤ ዘቡ አሸክሟታል። አየሁ። ጭረቷ ጭረት መሆኗ ቀርቷል። በግራና በቀኝ በጣም በጥቂቱ፣ የተጨፈነ ዓይን ሲገለጥ እንደሚያደርገው፣ ተከፍታለች።

"ነይ፣ እይው" አልኳት።

ፌስታሉን እንደያዘች መጣች። ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ፕላኔቷ ከዓይኗ ስትሸሽ ቱቦውን በክርኗ ገፋ አደረገችው፤ ማንም ሳያሳያት።

"ቀጭን ናት" አለች።

"እየሰፋች ትሄዳለች። በ2024 ዓ.ም. ሙሉ ትሆናለች።"

"እስከዚያ እቁቡ ስንት ጊዜ ይዞራል?" አለች፤ ለመልስ ግን አልጠበቀችኝም። "አሁን ያለችበት ኮከብ የቱ ነው?"

ልጄ ነበረች የመለሰችው፦ "ከደለዊ አልፋ ሑት ውስጥ ገብታለች።"

"ሑት ምንድን ነው?"

"ዓሣው።"

ባለቤቴ ቀስ ብላ ቀና አለች። በጨለማው ውስጥ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥላ ዘቡን፣ በመጨረሻ በእጇ ያለውን ፌስታል አየች።

"ቢላዋ አምጣልኝ" አለችኝ።